ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ንጉሥ ውሻ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ስሙ እውነተኛ ነው፤ በዙሪያው የሚነገረው ወሬ ግን ሁሉም አይደለም። ስፓኒየል የሚባሉ ትንንሽ ውሾች ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝ መኳንንት ቤት ነበሩ። ሠዓሊው ቫን ዳይክ በ1630ዎቹ የቀዳማዊ ቻርልስን ልጆች ሲስል ውሾቻቸውንም አብሮ ስሏቸዋል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዳግማዊ ቻርልስ ተብሎ ሲነግሥ (1660–1685) ውሾቹ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከልካይ አልነበራቸውም። የባሕር ኃይል ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ፣ ንጉሡ በምክር ቤት ተቀምጦ ጉዳዩን ትቶ ከውሻው ጋር ሲጫወት ማየቱን በዕለት ማስታወሻው ላይ በብስጭት አስፍሮታል። ዝርያው በንጉሡ ስም መጠራቱ ከዚህ የመጣ ነው።

«ንጉሡ ይህ ውሻ ፓርላማን ጨምሮ የትም እንዲገባ ሕግ አውጥቷል፤ ሕጉም እስከ ዛሬ አልተሻረም» የሚባለው ግን ተረት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በመዝገብ ተገኝቶ አያውቅም። ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት በር ላይ ይህን ጠቅሰው ባይከራከሩ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ውሻውን በሁለት ቤት እናገኘዋለን። የማርልቦሮ መስፍኖች በብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ቀይና ነጩን ዓይነት ለአደን ያረቡ ነበር፤ ቀለሙ እስከ ዛሬ «ብሌንሃይም» የሚባለው ለዚህ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ደግሞ በልጅነቷ ዳሽ የሚባል ባለሦስት ቀለም ስፓኒየል ነበራት። በ1838 ዘውድ ጭና ወደ ቤቷ ስትመለስ ዳሽን ገላውን አጥባዋለች።

ታዲያ «ዝርያው የ20ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው» የሚሉት ለምንድን ነው?

እነርሱም ልክ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን የውሻ ውድድር ሲስፋፋ ፋሽኑ ወደ አጭር አፍንጫና ወደ ክብ ግንባር ዞረ። ትንንሾቹ ስፓኒየሎች ፊታቸው ጠፍጣፋ ከሆኑ ዝርያዎች ጋር ተዳቀሉ፤ በቫን ዳይክ ሥዕል ላይ ያለው ረዘም ያለ አፍንጫ ከመቶ ዓመቱ መጨረሻ በፊት ጠፋ ማለት ይቻላል።

ሮዝዌል ኤልድሪጅ የሚባል አሜሪካዊ ወደ እንግሊዝ ሄዶ በሥዕል የሚያውቀውን ውሻ ቢፈልግ አጣው። ስለዚህ በ1926 ክራፍትስ በሚባለው ትልቅ የውሻ ውድድር ላይ ማስታወቂያ አስነገረ፦ በዳግማዊ ቻርልስ ዘመን ሥዕሎች ላይ እንደሚታየው ፊቱ ረዘም ያለ፣ አናቱ ያልጎበጠና ጠፍጣፋ፣ በግንባሩ መካከል ነጠብጣብ ያለበት ምርጥ ወንድና ምርጥ ሴት ብሌንሃይም ስፓኒየል ላመጣ ለእያንዳንዳቸው 25 ፓውንድ፤ ሽልማቱም ለ5 ዓመት ይቀጥላል። አርቢዎቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ እነርሱ በጉድለት ቆጥረው የሚጥሏቸውን ቡችሎች ነበር በገንዘብ የሚፈልገው። ኤልድሪጅ በ1928 ሞተ። በዚያው ዓመት አንስ ሰን የተባለ ውሻ ሽልማቱን ወሰደ፣ የዝርያው ክበብ ተመሠረተ፣ የዝርያው መስፈርትም አንስ ሰንን በአርአያነት አድርጎ ተጻፈ። «ካቫሊየር» የሚለው ቅጽል የገባው ከጠፍጣፋ ፊቱ ዘመድ እንዲለይ ነው። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ በ1945 ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ መዘገበው፤ የአሜሪካው ግን እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ቆይቷል።

በመካከል የመጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዝርያው ክፉ ጊዜ ነበር። ምግብ በራሽን በሆነበት ዘመን ብዙ ውሾች ተወገዱ፤ 60 ውሾች የነበሩት አንድ ትልቅ የእርባታ ቤት 3 ብቻ ቀሩት። የዛሬዎቹ ካቫሊየሮች ዘር በአብዛኛው ወደ 6 ውሾች ይመለሳል ተብሎ ይታመናል። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ወደ ልቡ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል በምን ይለያል?

በጎን ሆነው ይመልከቱት። ኪንግ ቻርልስ (አሜሪካ ውስጥ ኢንግሊሽ ቶይ ስፓኒየል ይባላል) አናቱ ክብ፣ አፍንጫው ወደ ዓይኑ የተደፈጠጠ፣ ክብደቱ ከ3.6 እስከ 6.3 ኪሎ ነው። ካቫሊየር በሁለቱ ጆሮዎች መካከል አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከግንባሩ ሥር እስከ አፍንጫው ጫፍ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል አለው፤ ክብደቱ ከ5.4 እስከ 8.2 ኪሎ፣ ቁመቱ 30–33 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቀለሙ አይለያቸውም፤ ሁለቱም አራቱ ቀለሞች አሏቸው፦ ብሌንሃይም (በነጭ ላይ ቀይ ቡናማ)፣ ባለሦስት ቀለም፣ ሙሉ ቀይ የሆነው ሩቢ፣ እና ጥቁር ከቅንድቡ፣ ከጉንጩና ከእግሩ ቡናማ ያለበት። «ብርቅዬ ቀለም» እያለ ዋጋ የሚያስወድድ ሻጭ ካጋጠመዎ ትተውት ይሂዱ።

ጠባዩ እንዴት ነው?

ሰው ወዳድ ነው፤ ከልክ በላይ። ከባለቤቱ ጋር ከክፍል ክፍል ይከተላል፣ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ይጠብቃል፣ ሲቀመጡ ጭን ላይ ይወጣል። ለእንግዳም፣ ለልጅም፣ ለሌላ ውሻም፣ ካስለመዱት ለድመትም ጅራቱን ይቆላል። በአፓርታማ ለሚኖር፣ አዛውንት ወይም ልጅ ላለበት ቤት ከትንንሾቹ ዝርያዎች ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫችን የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሲያሠለጥኑት ቁጣ አያስፈልገውም፤ ድምፅ ከፍ ካለበት ይኮማተራል እንጂ አይማርም። በትንንሽ የምግብ ቁራጭ ግን ቶሎ ይገባዋል። ቡችላውን ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ፣ በመሐሉም በየ2 ሰዓቱ ወደ ውጭ ያውጡት፤ እዚያው እንደሸና ወዲያው ይሸልሙት። ቤት ገብቶ ከተሸለመ የተሸለመው ስለ መግባቱ ይመስለዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቤት ይጠብቃል?

አይጠብቅም። ሌባ ቢመጣ ያሳልፈዋል፤ ምናልባትም ጭኑ ላይ ይወጣል።

ሥራ ስውል ብቻውን ይቆያል?

የዚህ ውሻ ትልቁ ድካም ይሄ ነው። ለጓደኝነት የተመረጠ ዝርያ ብቸኝነትን አይችልም፤ ያለቅሳል፣ በር ይቧጭራል፣ ቤት ውስጥ ይሸናል፣ መዳፉን ይልሳል። አዋቂው ካለማመዱት 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። የሚለምደው ግን በደረጃ ነው፦ 2 ደቂቃ ወጥተው ይመለሱ፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 30። ማልቀስ ከጀመረ ርምጃው ፈጥኗል ማለት ነው፤ ወደ ቀደመው ደቂቃ ይመለሱ። ሲወጡ አይሰናበቱት፣ ሲገቡም ትልቅ አቀባበል አያድርጉለት። ቤተሰቡ በሙሉ ከጧት እስከ ማታ ከቤት የሚርቅ ከሆነ ግን ሌላ እንስሳ ቢመርጡ ለሁለታችሁም ይሻላል።

መናፈሻ ውስጥ ያለ ማሰሪያ ብለቀውስ?

የታጠረ ቦታ ካልሆነ አይልቀቁት። ጭን ላይ ቢያድግም አዳኝ ስፓኒየል ነው፤ ወፍ፣ ቢራቢሮ፣ የሚሮጥ ጥላ ሲያይ ጆሮው አይሰማም፤ መኪናም አይፈራም። ለአዋቂው በቀን ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት የእግር ጉዞ ይበቃዋል። ማሰሪያው የአንገት ሳይሆን የደረት ይሁን፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ምን ያህል ልመግበው? ከቤት ምግብስ?

8 ኪሎ የሚመዝን፣ የተኮላሸና ብዙ የማይሮጥ አዋቂ በቀን ከ400 እስከ 450 ኪሎ ካሎሪ ይበቃዋል። ይህን ለሁለት ከፍለው ይስጡት፤ ደረቁን ምግብ በኩባያ ሳይሆን በሚዛን ይለኩት፣ ኩባያ ያታልላል። ሽልማቱም ከዚሁ ሒሳብ ይቀነስ። ሲያዩት ሁልጊዜ የተራበ ይመስላል፤ አይመኑት። ጎኑን ሲዳስሱ የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ሊቆጠር ይገባል፤ ተጭነው የሚፈልጉት ከሆነ ወፍሯል፣ ውፍረት ደግሞ ለሚደክም ልብ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ወጥ አይስጡት። ሐበሻ ቤት ውስጥ ያለ ውሻ የሚመረዘው ብዙ ጊዜ በሽንኩርት ነው፤ መቀቀልም ሆነ ማቁላላት መርዙን አያጠፋውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሱን ለመጉዳት በቂ ነው። ለ7 ኪሎ ውሻ ይህ ከ105 ግራም ይጀምራል፣ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። ለዶሮ ወጥ ስንት ራስ እንደሚከተፍ እርስዎ ያውቁታል። ምልክቱ ወዲያው አይወጣም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይዝላል። ነጭ ሽንኩርት ከዚህ የባሰ ነው። ቅቤው ቆሽቱን ሊያስቆጣው ይችላል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ወይን፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ እና ስኳር የለሽ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ክልክል ናቸው። ከማዕድ ሳያቀምሱት ማለፍ ካልቻሉ ወጥ ያልነካው የእንጀራ ጫፍ አይጎዳውም።

ጠጉሩ ብዙ ሥራ አለው?

በሳምንት 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በየጊዜው 10 ደቂቃ ማበጠር ነው። ቶሎ የሚቋጠረው ከጆሮው ኋላ፣ በብብቱና ከኋላ እግሩ ላይ ያለው ነው። ላይ ላዩን በብሩሽ ማለፍ አይበቃም፤ ከቆዳው ጀምሮ የብረት ማበጠሪያ ይለፍበት። ቋጠሮ ካለ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስንሰው በጣት ይፍቱት። ገላውን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይጠቡት፣ ነገር ግን ቋጠሮው ሁሉ ሳይፈታ ውሃ አያስነኩት፤ ውሃ የነካው ቋጠሮ ይጠብቅና በመቀስ ካልሆነ አይወጣም።

መላጨት አያስፈልግም። የዝርያው መስፈርት ጠጉሩን እንደ ተፈጥሮው እንዲተው ይጠይቃል፤ የሚቆረጠው በመዳፉ ሥር በጣቶቹ መካከል ያለው ብቻ ነው። የተኮላሸ ውሻ ጠጉሩ ጥጥ መሳይ ሆኖ ሊወፍር ይችላል፤ ያኔ ማበጠሩን ይጨምሩ። ጆሮው ረጅም ስለሆነ ሳህኑ ውስጥ ይነከራል፤ አፉ ጠባብ፣ ጥልቅ ሳህን ይግዙለት። በሳምንት አንዴ የጆሮውን ውስጥ ይዩ፣ ያሽትቱም፤ የሚሸት ወይም የቀላ ከሆነ ጥጥ ያለበት እንጨት ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ልቡ ይደክማል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ካቫሊየር የሚገዛ ሰው ሁሉ ከመግዛቱ በፊት ማወቅ ያለበትም ይሄ ነው። በግራ የልብ ክፍል በላይኛውና በታችኛው ጓዳ መካከል ያለው ማይትራል ቫልቭ እየወፈረ ይሄድና መገጣጠሙን ያጣል፤ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። በሌሎች ትንንሽ ውሾች ይህ የእርጅና በሽታ ነው። ካቫሊየር ላይ ግን በ5 ዓመታቸው ግማሽ ያህሉ፣ በ10 ዓመታቸው ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የልብ ትርታቸው ላይ ፉጨት መሳይ ተጨማሪ ድምፅ ይሰማል። በጥቂት ውሾች ላይ የተመሠረተ ዘር ያመጣው ጣጣ ነው።

ድምፁ ተሰማ ማለት ግን ውሻው ሊሞት ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ዓመታት ያለ ምልክት ይኖራሉ። ሐኪሞች በሽታውን ኤ፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ እና ዲ በሚባሉ ደረጃዎች ይከፍሉታል። ካቫሊየር ሆኖ መወለድ ብቻውን ኤ ያደርገዋል። ቢ1 ድምፅ አለው፣ ልቡ ግን አልሰፋም፤ መድኃኒት አያስፈልገውም፣ በየዓመቱ ይታይ። ቢ2 ልቡ በአልትራሳውንድና በራጅ መስፋቱ የተረጋገጠ ነው። በ2016 የወጣው ኤፒክ የተባለው ጥናት፣ በዚህ ደረጃ ፒሞቤንዳን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የጀመሩ ውሾች የልብ ድካም የሚይዛቸው በአማካይ 15 ወር ያህል ዘግይቶ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ «ምልክት እስኪያሳይ እንጠብቅ» የሚለው የድሮ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ፒሞቤንዳን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምግብ ከመስጠትዎ 1 ሰዓት ቀድሞ ይሰጣል፤ ምግብ ላይ ከተሰጠ በደንብ አይዋጥለትም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ምርመራ አለ፤ ወጪ የለውም፣ ከሁሉም ይበልጣል። ውሻው ጥልቅ እንቅልፍ ላይ እያለ ደረቱን ይዩ። ከፍ ብሎ ዝቅ ማለቱ 1 ትንፋሽ ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙት። ሕልም እያየ የሚንፈራገጥ ከሆነ፣ ሙቀትም ካለ አይቁጠሩ። ጤነኛው በደቂቃ ከ30 በታች ነው። የራሱን መደበኛ ቁጥር ለማወቅ ለሳምንት ያህል በየቀኑ መዝግበው ይያዙ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ከ30 በላይ ወጥቶ ደጋግመው ሲቆጥሩም ካልወረደ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደውሉ፤ ሳንባው ውሃ መያዝ ጀምሮ ይሆናል። ሆዱን እየሳበ የሚተነፍስ፣ መተኛት ያቃተው ወይም ድዱ የጠቆረ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይሂዱ። ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት (ፍሮሰማይድ) የታዘዘለት ውሻ ብዙ ስለሚሸና አስቸገረኝ ብለው መጠኑን በራስዎ አይቀንሱ።

አንገቱን በአየር ላይ ያካል፤ ቁንጫ የለውም። ምንድን ነው?

ሲሪንጎማይሊያ ሊሆን ይችላል። የካቫሊየር የራስ ቅል ከኋላ በኩል ለአንጎሉ ይጠበዋል፤ አንጎሉ ወደ አከርካሪው ቀዳዳ ስለሚገፋ በዙሪያው የሚዞረው ፈሳሽ መንገድ ያጣና በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ክፍተት ይፈጥራል። ምልክቱ ለየት ያለ ነው፦ ሲራመድ በአንድ ጎን ብቻ የኋላ እግሩን ወደ ትከሻው ያነሣል፣ ቆዳውን ግን አይነካም። ሲያነሡት ይጮኻል፣ አንገቱ ሲነካ ይሸሻል፣ ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል። ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። የአንገት ማሰሪያ የማንመክረው ለዚህ ነው።

እርግጡ የሚታወቀው በኤም.አር.አይ. ብቻ ነው። ሕመሙ እንደ ጋባፔንቲን ባሉ የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች ሊቀል ይችላል። የሚያክበትን ቪዲዮ በስልክዎ ቀርጸው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ክሊኒክ ሲገባ አያክም።

ሐኪሙ «የደም አርጊ ሕዋሱ አነስተኛ ነው» አለኝ። ልስጋ?

አይስጉ፤ ግን ይንገሩት። ግማሽ ያህሉ ካቫሊየሮች አርጊ ሕዋሳቸው በቁጥር ጥቂት፣ በመጠን ትልቅ ሆኖ ይወለዳል፤ ሥራውን በትክክል ይሠራል። ማሽኑ ግን ቁጥሩን ብቻ ያነባል፣ ትልልቆቹንም ይዘላቸዋል። ዝርያውን የማያውቅ ሐኪም ከቀዶ ሕክምና በፊት ይህን አይቶ ለሌለ በሽታ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ።

ኖርዌይ ከልክላዋለች?

ማርባቱን እንጂ መያዙን አይደለም። በጥር 2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት ካቫሊየርንና ኢንግሊሽ ቡልዶግን ማርባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ይግባኙ ቡልዶግን ነጻ ሲያወጣ የካቫሊየሩን አጸና፤ በጥቅምት 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ካቫሊየርን እርስ በርሱ ብቻ ማርባት ሕገ ወጥ ነው አለ። ከሌላ ዝርያ ጋር በጥናት ላይ ተመሥርቶ ማዳቀልን ግን አልዘጋም። አንዳንድ ክበቦች ፍርዱን እንደ ስድብ ወስደውታል፤ የቀረበው የሕክምና ማስረጃ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሌላ በኩል የዴንማርክ ኬኔል ክለብ ወላጆች ሁሉ ልባቸው ሳይመረመር እንዳይራቡ ከ2002 ጀምሮ ግዴታ አድርጎ የበሽታውን ዕድል ከ70 ከመቶ በላይ ቀንሷል። ስለዚህ ሌላም መንገድ አለ፤ ጥያቄው አርቢው ይሄድበታል ወይ የሚለው ነው።

አርቢውን ምን ልጠይቀው?

ወረቀት። «ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው» የሚል ቃል ምንም ዋጋ የለውም። ሁለቱም ወላጆች በልብ ስፔሻሊስት የታዩበት፣ ከ1 ዓመት ያላለፈው ማስረጃ ይምጣ። ወላጆቹ ሲራቡ ቢያንስ 2 ዓመት ተኩል የሞላቸው፣ አያቶቹ ደግሞ በ5 ዓመታቸው ልባቸው ንጹሕ የነበረ ይሁን፤ ልብን በሚመለከት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም የ2 ዓመት ውሻ ልቡ ንጹሕ መሆኑ ብዙ አይናገርም። የኤም.አር.አይ. ውጤት ይጠይቁ፤ ውድ ስለሆነ ብዙ አርቢ የለውም፣ ያለው ግን ሥራውን የያዘ ሰው ነው። ለሁለት በሽታዎች የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አለ፦ ጡንቻው ድንገት የሚገተርበትና የሚወድቅበት፣ እና ዓይኑ ደርቆ ጠጉሩ ተጠቅልሎ የሚወለድበት። ምርመራው ርካሽ ነው፤ ያላስመረመረ ሰው ሰበብ የለውም።

ቡችላውን ከ8 ሳምንቱ በፊት አይቀበሉ፣ እናቱንም በዓይንዎ ይዩ። መኪና ማቆሚያ ላይ እንገናኝ የሚል ሻጭ እናቱን ሊያሳይዎ የማይፈልግበት ምክንያት አለው። አሜሪካ ያሉ ደግሞ የወላጆቹን ስም ወስደው የውሾችን የጤና ምርመራ ውጤት በሚይዘው በኦ.ኤፍ.ኤ. ክፍት መዝገብ ራሳቸው ማየት ይችላሉ።

ለዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ ይዤው ብሄድስ?

መውሰዱ ሳይሆን መመለሱ ነው የሚከብደው። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ በስፋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመደብ ወረቀቱ ከመነሣትዎ በፊት ማለቅ አለበት። በመጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ በኋላ ክትባት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም።

ለአሜሪካ፦ ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው ሊሆን ይገባል፤ ክትባቱ አሜሪካ ውስጥ መሰጠቱን የሚያረጋግጠው ቅጽ ከመሄድዎ በፊት በግብርና መሥሪያ ቤቱ ይጽደቅ፣ ሲመለሱም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልን (ሲ.ዲ.ሲ.) የውሻ ማስገቢያ ቅጽ ይሙሉ። ለአውሮፓ ኅብረት፦ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይደረግና ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዩኒት (IU) ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ይህን እዚያው አውሮፓ አስደርገው በፓስፖርቱ ካስመዘገቡ የ3 ወሩ ጥበቃ ይቀርልዎታል፤ አዲስ አበባ ገብተው ካስታወሱት ግን ውሻው 3 ወር ይቆያል። ደንቦቹ ስለሚቀያየሩ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እንደገና ያጣሩ።

ብዙ አየር መንገዶች ወደ ተሳፋሪ ክፍል የሚያስገቡት ቦርሳውን ጨምሮ እስከ 8 ኪሎ ነው፤ ሙሉ ካቫሊየር እዚያ ልክ ላይ ያልፋል ወይም ይወድቃል፣ ስለዚህ ከነቦርሳው ቤት ይመዝኑት። ልቡ ቢ2 የደረሰ ከሆነ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሐኪሙ ካልፈቀደ ዘመድ ቤት ቢያስቀምጡት ይሻላል።